ጊዜ ሲያጥር ለተገልጋዩ የሚስማማ ሥራ እንዴት ይሠራል?

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ሳምንት አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለተማሪዎች፤ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረገው ንግግር)



በዚህ ሳምንት የየክበቡ ተማሪዎች የሠሩትን ሥራ በየክፍሉ እየዞራችሁ ስትመለከቱ ሰንብታችኋል። የውኃ ማጣሪያ አይታችኋል፤ የጤና ቻርት አይታችኋል፤ የሞባይል ፕሮግራምም አይታችኋል። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ባገኙት ጥቂት ሰዓት ነው። እኔም ዛሬ የምናገርበት ርእስ ከዚሁ የተነሣ ነው። ይኸውም፤ ጥቂት ሰዎች ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲኖራቸው፤ ለሌላ ሰው መገልገያ የሚሆነውን ነገር ተገልጋዩ ሳይቸገር እንዲጠቀምበት አድርገው እንዴት ሊሠሩት ይችላሉ? የሚል ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድ አባት ስለ ልጁ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ እንበል። ፎርም ይሰጠዋል። በፎርሙ ላይ የተጻፈው ጥያቄ አይገባውም፤ የሚጽፍበትም ቦታ ጠባብ ነው። አንዱን ይሰርዛል፤ ሌላውን ይዘላል። በመጨረሻም አንገቱን ደፍቶ ለጸሐፊው፤ «ይቅርታ ልጄ፤ እኔ ብዙ አልተማርሁም» ይላል። ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው ግን በዚያ ቦታ የለም። ጥፋቱ የፎርሙ ሆኖ ሳለ ዕፍረቱ የአባትዬው ሆነ። በመጥፎ ሁኔታ የተሠራ ነገር ጉዳቱ ጊዜና ገንዘብ ማባከኑ ብቻ አይደለም፤ ጤነኛውን ሰው ራሱን እንደ ደንቆሮ እንዲቈጥር ያደርገዋል። ስለዚህ ርእሱ የአሠራር ብቻ ሳይሆን የሰው ክብርም ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው ምን እንደ ሆነ ሊቃውንት ከብዙ ጊዜ በፊት ተናግረውታል። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1985 ጆን ጉልድና ክሌይተን ሉዊስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሦስት መመሪያዎችን ጻፉ። አንደኛው፤ ከሥራው መጀመሪያ አንሥቶ ተገልጋዮቹ እነማን እንደ ሆኑና ምን መሥራት እንደሚፈልጉ ማወቅ ነው። ሁለተኛው፤ ግምትን ትቶ ሰዎች በነገሩ ሲገለገሉበት በዓይን አይቶ መመዘን ነው። ሦስተኛው፤ በታየው መሠረት አርሞ እንደገና መሞከር ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ1999 ይህን አሠራር የሚመለከት ደረጃ አወጣ፤ በ2010 ደግሞ አሻሽሎ በአዲስ ቍጥር አሳተመው። እንግዲህ ነገሩ በመላው ዓለም የታወቀ እንጂ የጥቂት ሰዎች ምኞት አይደለም።

ታዲያ ይህን ያህል የታወቀ ከሆነ ስለምን አይሠራበትም? ብትሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ አንድ ነው፤ «ጊዜ የለንም» የሚል ነው። እኔ ግን የጊዜ ማነስ ተገልጋዩን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም ወደ እርሱ ቶሎ ለመሄድ ዋናው ምክንያት ነው እላለሁ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ያለው ሰው ሠርቶ ቢያበላሽ እንደገና ለመሥራት ይችላል፤ አሥር ቀን ብቻ ያለው ሰው ግን የማይረባ ነገር ሠርቶ ዘጠነኛውን ቀን ቢያገኘው ምን ሊያደርግ ይችላል?

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን በ1984 በሎስ አንጀለስ የተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ነው። አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ ስፖርተኞች በድምፅ መልእክት የሚቀበሉበትና የሚልኩበት መሣሪያ ያዘጋጅ ነበር። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ጉልድ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በዚሁ ሥራ ላይ ነበረ። የዚያ ኦሊምፒክ መክፈቻ ቀን ለእነርሱ ሲባል የሚራዘም አልነበረም። እነርሱ ግን ቀኑ ደረሰብን ብለው ተገልጋዩን አልተዉም። መሣሪያው ገና ሳይሠራ የውጭ መልኩን ብቻ ባዶውን አበጅተው ሰው በሚመላለስበት ስፍራ አቆሙትና አላፊ አግዳሚው የሚለውን ሰሙ። ባዶ ቅርፅ ማቆም ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ከዚያ የሚገኘው ትምህርት ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከህንድ አገር አመጣለሁ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ በጃይፑር ከተማ ዶክተር ሴቲ የተባሉ የአጥንት ሐኪምና ራም ቻንድራ ሻርማ የተባለ የእጅ ጥበብ ባለሙያ አብረው ይሠሩ ነበር። በዚያን ጊዜ እግራቸው ለተቈረጠ ሰዎች የሚሰጠው ከውጭ አገር የመጣ ሰው ሠራሽ እግር ነበር። ያ እግር በጫማ ለሚሄድና በወንበር ለሚቀመጥ ሰው የተሠራ ስለ ሆነ፤ በባዶ እግሩ ለሚሄደው፤ ቁጢጥ ብሎ ወይም እግሩን አጣጥፎ መሬት ላይ ለሚቀመጠው፤ በእርጥብ ማሳ ውስጥ ለሚውለው የህንድ ገበሬ አልተስማማውም። ሁለቱ ሰዎች የገበሬውን አኗኗር ተመልክተው በጎማና በእንጨት የሚተጣጠፍ፤ ያለ ጫማ የሚኬድበት እግር ሠሩ። «የጃይፑር እግር» የሚባለው ይኸው ነው። ዶክተር ሴቲም በ1981 የራሞን ማግሳይሳይን ሽልማት ተቀበሉ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው እግር በሥራ ጥራት የተበላሸ አልነበረም፤ ጕድለቱ የሚለብሰውን ሰው አለማወቁ ነበር።

በአገራችንም «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሲሚንቶና በቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር እየተሠራ የሚሸጠው ይህ ምድጃ፤ በሦስት ጕልቻ ከሚነደው እሳት ጋር ሲመዛዘን እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያድናል። ለድስት ተብሎ የተሠራ ምድጃ ለእንጀራ አይሆንም፤ ምጣዱ ሰፊ ስለ ሆነ እሳቱ እስከ ጠርዙ ካልደረሰ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ስለዚህ የእንጀራ ምድጃ የሚሠራ ሰው መነሻው ምጣዱና ጋጋሪዋ መሆን አለባቸው። እናቶቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፤ የሚያስፈልገው ከሥራው በፊት ሄዶ እነርሱን ማየት ነው።

አሁን ወደ ሥራው አካሄድ ልግባ። ምሳሌ የማደርገው በዚሁ በትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ክበብ ያደረገውን ነው። ከየአንደኛ ደረጃው አዲስ የመጡ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች መጽሐፍ ለማግኘት ይቸገሩ ነበርና፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለአራት ተማሪዎች መሪ ሰሌዳ ሠርተው በአሥር ቀን ውስጥ እንዲያቀርቡ ነገሩን። ያለን ጊዜ ከትምህርት በኋላ በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነበር። ሥራውን በአምስት ደረጃ ከፈልነው።

የመጀመሪያው ደረጃ፤ በግማሽ ገጽ ወረቀት ሁለት ጥያቄ መመለስ ነው፤ ማን ይገለገልበታል? ምንስ ሊያደርግበት ይፈልጋል? እኛ የጻፍነው፤ «ቤተ መጻሕፍት አይቶ የማያውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፤ ለቤት ሥራው የሚሆን መጽሐፍ ሰው ሳይጠይቅ እንዲያገኝ» የሚል ነበር። ይህች ዓረፍተ ነገር ከብዙ ክርክር አዳነችን። አንዱ ጓደኛችን ሰሌዳውን በሥዕል ላስጊጠው ባለ ጊዜ፤ «ሥዕሉ ያ ተማሪ መጽሐፉን እንዲያገኝ ይረዳዋልን?» ብለን ወደ ዓረፍተ ነገሩ ተመለስን።

ሁለተኛው ደረጃ፤ ሄዶ ማየት ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተቀምጠን ተመለከትን። በዚያ ሰዓት ከገቡት ስድስት አዲስ ተማሪዎች መካከል በመደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን ቍጥር ያየ አንድም አልነበረም። አራቱ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ሄዱ። አንዱ ጓደኛውን ጠየቀ። አንዲት ልጅ ግን ማንንም ሳትጠይቅ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ዞረች፤ በመጨረሻ ያገኘችውን መጽሐፍ ይዛ ተቀመጠች፤ ገጹንም ሳትገልጥ ደወል እስኪደወል ቈየች። ጠፋብኝ ማለት አፍራ ነው። በመጠይቅ ወረቀት «ቤተ መጻሕፍቱ ይመቻችኋልን?» ብለን ጠይቀን ቢሆን ይህች ልጅ «አዎን» ብላ በጻፈች ነበር።

ሦስተኛው ደረጃ፤ ተገልጋዩ ነገሮችን በአእምሮው እንዴት እንደሚመድባቸው ማወቅ ነው። መጻሕፍቱ የተደረደሩት ሜልቪል ዲዊ የተባለው አሜሪካዊ በ1876 ባወጣው የአሥርዮሽ አመዳደብ ነው። በዚህ አመዳደብ ስለ ወባ በሽታ የሚናገር መጽሐፍ ከሕክምና ጋር በ616 ይገኛል፤ ስለ ትንኝ የሚናገረው ግን ከእንስሳት ጋር በ595 ነው። እኛ 30 ቍራጭ ካርድ ወስደን በእያንዳንዱ ላይ የአንድ መጽሐፍ ጕዳይ ጻፍንና ለአምስት ተማሪዎች በየተራ ሰጥተን፤ «የሚዛመዱትን አንድ ላይ አድርጉ፤ ለየክምሩም ስም አውጡለት» አልናቸው። ሁሉም ወባንና ትንኝን አንድ ላይ አደረጉ፤ አራቱም ለክምሩ «ባዮሎጂ» የሚል ስም ሰጡት። እነርሱ መጽሐፍ የሚፈልጉት በሚማሩት ትምህርት ስም ነው እንጂ በሊቃውንቱ አከፋፈል አይደለም። ስለዚህ መጻሕፍቱን ከቦታቸው ሳናነሣ፤ ሰሌዳውን በትምህርት ስም አዘጋጅተን በየስሙ ፊት ቍጥሮቹን ለመጻፍ ወሰንን። ይህን ለማወቅ የፈጀብን ሁለት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

አራተኛው ደረጃ፤ አምሳያውን በወረቀት መሥራት ነው። እንጨት ሳንቈርጥ፤ ቀለም ሳንገዛ፤ በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ጽፈን በማጣበቂያ ፕላስተር ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። የወረቀት አምሳያ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፤ በአንድ ሰዓት ይሠራል። ሁለተኛ፤ ሠሪው ስላልደከመበት ለመቅደድ አያሳዝነውም። ሥራው ካለቀ በኋላ የተገኘ ጕድለት ሠሪውን ስለሚያስከፋው «ይለምዱታል» ብሎ ይተወዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። በሞባይል ለሚሠራ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱን ገጽ በወረቀት ላይ ነድፎ፤ ሰውዬው በጣቱ ሲነካ ቀጣዩን ወረቀት በእጅ ማቅረብ ይቻላል።

አምስተኛውና ዋናው ደረጃ፤ መሞከር ነው። ለሞካሪው የአጠቃቀም መመሪያ አይሰጥም፤ ሥራ ይሰጠዋል። እኛ፤ «ስለ ወባ የሚናገር መጽሐፍ አምጣልን፤ የምታስበውንም ድምፅህን ከፍ አድርገህ ንገረን» እንል ነበር። ከዚያ በኋላ ሠሪው ዝም ማለት አለበት። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግር ነው፤ ሰው በሠራው ነገር ሌላው ሲሳሳት እያየ «እዚያ ጋ፤ በስተግራ» ለማለት ምላሱ ይበላዋል። ነገር ግን በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሁልጊዜ ቆመን የምናመለክት ስላይደለን፤ ዝም ማለት ግድ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ የኢትዮጵያውያን ጠባይ የሚያመጣውን አንድ ነገር ላሳስብ። እኛ ይሉኝታ አለብን። አንድ ሰው የደከመበትን ሥራ አሳይቶ «እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀን፤ «በጣም ጥሩ ነው፤ እጅህ ይባረክ» እንላለን እንጂ ጕድለቱን ፊት ለፊት አንናገርም። ይህ መልካም ጠባያችን ነው፤ ለሙከራ ግን አይመችም። ስለዚህ ሁለት ነገር ማድረግ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ለሞካሪው፤ «የምንፈትነው ሰሌዳውን ነው እንጂ አንተን አይደለም፤ ከተቸገርህ ጥፋቱ የሰሌዳው ነው» ማለት ነው። ቀጥሎም ከአፉ ይልቅ እጁንና ዓይኑን መከተል ነው። የት ቆመ? ምን ደጋግሞ አነበበ? ከየት ተመለሰ? አፍ በይሉኝታ ይታሰራል፤ እግር ግን መንገዱ ሲጠፋው ይቆማል።

ስንት ሰው ይበቃል? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 ባሳተሙት ጥናት ላይ ተመሥርቶ ኒልሰን በ2000 እንደ ጻፈው፤ እነርሱ በመረመሯቸው ሥራዎች አንድ ሞካሪ በአማካይ ካሉት ችግሮች 31 ከመቶ ያህሉን ያሳያል። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ችግር በከፊል ስለሚደግም፤ ሁለቱ አብረው 52 ከመቶ ያህል ያሳያሉ፤ ሦስቱ 67፤ አምስቱ 85 ከመቶ ገደማ ያደርሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሞካሪ የሚጨምረው እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አሥራ አምስት ሰው ቢኖራችሁ አንድ ጊዜ በአሥራ አምስቱ ከመሞከር፤ አምስት አምስት አድርጎ እያረሙ ሦስት ጊዜ መሞከር ይሻላል። ይሁን እንጂ ይህ አማካይ ቍጥር እንጂ ሕግ አይደለም። ተገልጋዮቹም ልዩ ልዩ ከሆኑ፤ ለምሳሌ ተማሪዎችና ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ቢሆኑ፤ ከሁለቱም ወገን ሞካሪ ያስፈልጋል።

እኛም በመጀመሪያው ሙከራ ከአምስት ተማሪዎች ሦስቱ በአንድ ቦታ ላይ ሲቆሙ አየን። ሰሌዳው «616» ይላል፤ በመደርደሪያው ራስ ላይ የተጻፈው ግን «600» ብቻ ነው። ልጆቹ 616 የሚል ጽሑፍ ፈልገው ስላጡ መጽሐፉ የለም ብለው ተመለሱ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ በየመደርደሪያው ራስ ላይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቍጥር መጻፍ ነው። በማግሥቱ በሌሎች አምስት ተማሪዎች ሞከርን። አራቱ ማንንም ሳይጠይቁ አገኙ። አምስተኛው ሰሌዳውን ከሩቅ ለማንበብ ዓይኑን ሲያጠብብ አየነውና ፊደሉን አተለቅነው፤ ሰሌዳውንም ዝቅ አድርገን ሰቀልነው። ከዚያ በኋላ ነው እንጨቱን የቈረጥነውና ቀለሙን የቀባነው። አሥረኛው ቀን ከመድረሱ በፊት ሥራው አለቀ።

ወዳጆቼ ሆይ፤ ጊዜ ሲያጥር አንድ ነገር መቀነስ የግድ ነው። ጥያቄው ምኑ ይቀነስ? ነው። ጌጡ ይቀነስ። ረጅሙ ሪፖርት ይቀነስ፤ ያዩትን በአንድ ገጽ ጽፎ፤ ከሁሉ የከፉትን ሦስት ችግሮች መርጦ እነርሱን ማረም ይበቃል። ክፍል ዘግቶ «ተማሪው እንዲህ ይወዳል፤ የለም፤ እንዲያ ይወዳል» እየተባባሉ መከራከር ይቀነስ፤ ደጁን ከፍቶ አንድ ተማሪ ጠርቶ ማየት ክርክሩን በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋልና። ተገልጋዩን ማየት ግን አይቀነስ። እርሱ ከተቀነሰ የቀረው ሥራ ሁሉ ግምት ነው።

አንዳንድ ሰዎች፤ «ተገልጋዩ የሚፈልገውን መች ያውቃል? ዕውቀቱ ያለው ከባለሙያው ዘንድ ነው» ይላሉ። በዚህ ነገር ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ያ የህንድ ገበሬ ጎማውን እንዴት እንደሚያበስሉት አያውቅም፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪም ስለ ዲዊ አመዳደብ አያውቅም። ስለዚህ መፍትሔውን እንዲነግሩን አንጠይቃቸውም፤ መፍትሔው የእኛ ድርሻ ነው። ችግሩን የሚያውቁት ግን እነርሱ ናቸው። ባለሙያው ችግሩን ከተገልጋዩ፤ ተገልጋዩ መፍትሔውን ከባለሙያው ሲቀበሉ ሥራው ይሠምራል።

ደግሞም አጭሩ መንገድ የማይፈቀድበት ሥራ እንዳለ መርሳት አይገባንም። መድኃኒት፤ ኤሌክትሪክ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ሌላም ሥራ በአምስት ሰው ሙከራ ብቻ አይለቀቅም። በዚያ ዓይነት ሥራ ጊዜ ከሌለ፤ ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ ነው እንጂ መቸኰል አይደለም። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰው የሰው ደም ሲሆን ግን የሚለቀም አይደለም።

ውድ ጓደኞቼ፤ እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ በየሥራው እንበተናለን። አንዳችን መሐንዲስ፤ አንዳችን ነርስ፤ አንዳችን መምህር፤ አንዳችን በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ፎርም የሚያዘጋጅ ይሆናል። በሄድንበት ሁሉ ጊዜ አጭር፤ ገንዘብ ጥቂት መሆኑ አይቀርም። ይህን ግን እንያዝ፤ አንድ ሰው እኛ በሠራነው ነገር ፊት ቆሞ «አልገባኝም» ሲል፤ መጀመሪያ የምንመረምረው ሥራችንን እንጂ ሰውዬውን አይሁን።

መምህራን ሆይ፤ የክበቦቻችንን ሥራ ስትመዝኑ «እንዴት ያምራል» ከማለታችሁ በፊት «ማን ሞከረው? ምንስ አያችሁ?» ብላችሁ እንድትጠይቁን እለምናለሁ። ወላጆች ሆይ፤ እናንተም በሠራነው ነገር ስትቸገሩ ዝም ብላችሁ አትለፉን። «ይህ አይመቸኝም» የምትለዋ አንዲት ቃላችሁ ከብዙ ምስጋና ይልቅ ትጠቅመናለችና፤ ይሉኝታውን ለዛሬ ተዉልን።